ብዕሩ ዝም ሲል

የልብስ ሰፊው ጣት ስልኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ‹ማሳያ› የሚለው መስመር ላይ ጥቂት አመነታና አለፈው።

«የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይንገሩኝ» አለችው ንድፍ አውጪዋ።

«የማስበውማ፣ ይሄ ነገር የት ገባ እያልኩ ነው።»

ንድፍ አውጪዋ ፈገግ አላለችም። በዚህ ሥራ ከሞካሪው ጎን የሚቀመጥ ሰው መጠቆም፣ ራስ መነቅነቅ፣ እሰይ ማለት አይፈቀድለትም፤ ሞካሪው መንገዱን ራሱ ማግኘት ወይም ራሱ መጥፋት አለበት። ሕጉን ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ናት። ስለዚህ ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ፣ የብዕሯን አናት በአውራ ጣቷ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትጠብቃለች። ከተማሪነቷ ጀምሮ ያልለቀቃት ልማድ ነው።

ለልብስ ሰፊው የተሰጠው ሥራ ለመናገር ቀላል ነው። ማንም ቢደውል ስልኩ እንዳይጮህ፣ የልጁ ጥሪ ብቻ ግን እንዲሰማ ማድረግ። ሰውዬው ‹ድምፅ› ውስጥ ገብቶ ወጣ። ‹የኔ ሰዎች› ላይ አንዣበበ። ብዕሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ‹ዕረፍት› የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩ ዝም አለ፤ ልብስ ሰፊውም እፎይ እንደማለት ብሎ ተጫነው። የሚፈልገው ነገር እዚያ ነበር።

«እኔ እኮ ስልክ አልችልም እያልኩ ነው የኖርኩት» አለ።

«የፈተንነው ስልኩን እንጂ እርስዎን አይደለም» አለችው። ለሁሉም የምትለው ነው። ለድካሙ የተመደበለትን የአየር ሰዓት ካርድ ሰጥታ እስከ ሊፍቱ ሸኘችው። ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም፤ ከጧት ጀምሮ የገቡት ሞካሪዎች ሁሉ አግኝተውታል።

የሙከራው ክፍል አንደኛው ግድግዳ ከውስጥ ሲያዩት መስተዋት፣ ከጀርባ ሲያዩት መስኮት ነው። ከጀርባው ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሥራ አስኪያጇና ግንቡ ተቀምጠው ያያሉ። ግንቡ የድርጅቱ አንጋፋ መሐንዲስ ነው። ስሙን ያወጡለት ሠራተኞቹ ናቸው፤ ደመወዝ ሲጨመርለትም እናቱ ሲሞቱም ፊቱ ያው ነበር ይባላል። ድርጅቱ ስልክ ይገጣጥማል፤ በየስልኩ ውስጥ ያለውን ሴቲንግ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሠራው እሱ ነው። አዲስ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ከዝርዝሩ ሥር አንድ መስመር ይጨምራል፤ ዝርዝሩ ዛሬ ጣት እስኪደክም ቢገፉት አያልቅም። ንድፍ አውጪዋ ያገኘውን ሁሉ የወረወረበት ጓዳ ትለዋለች፤ በሌለበት ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱም።

እሱም ቢሆን አልማራትም። ዝርዝሩን በጥቂት ክፍሎች የከፈለችበትን አዲሱን አደረጃጀቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ባቀረበችበት ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ይሄ ሴቲንግ ነው ወይስ የሰላምታ ካርድ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ እሱ መቼም አይስቅም። ያ ሳቅ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ከጆሮዋ አልወጣም። እሷ የምትልከው ጥያቄ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ እሱ የጻፈውን እሷ በቀይ አቅልማ ትመልሳለች፣ ሊፍቱ በር ላይ ሲገናኙ ከሁለት አንዳቸው ደረጃውን ይመርጣሉ።

ሥራ አስኪያጇ ጭቅጭቁ ሲሰለቻት ፍርዱን ለሞካሪዎች ሰጠች። ሰው የፈለገውን የሚያገኝበት አደረጃጀት በሚቀጥለው ስልክ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል፤ ሌላው ከሥሩ ይሠራል። ንድፍ አውጪዋ ከግንቡ ሥር ከምሠራ በር ላይ ቲማቲም ብሸጥ ይሻለኛል ብላ ለጓደኞቿ ምላለች። ባለፈው ሳምንት የሱ ተፈትኖ ሞካሪዎቹ ጓዳው ውስጥ ጠፍተው ቀርተዋል። የዛሬው ፈተና የሷ ነው።

ወደ ጠባቧ ክፍል ስትገባ ግንቡ ከወንበሩ ሳይነሳ ጠበቃት።

«ስልኩን አይደለም የሚያነቡት» አለ። «አንቺን ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሰውዬው ግን ‹ዕረፍት›ን ሲወርድም ሲወጣም አልፎት ነበር። መጨረሻ ላይ ምን አይቶ ነው የቆመው? ሌላ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥና እንይ።»

ንድፍ አውጪዋ ግንቡን አንቱ የምትለው ለክብር አይደለም፤ ከአጠገቧ ለማራቅ ነው።

«የርስዎ ጓዳ ሲፈተንም የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ» አለችው። «እኔን የሚያነቡ ከሆነ ያኔ ምነው ጠፉብዎ?»

ሥራ አስኪያጇ ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ብትሸፍነውም አመለጣት። ንድፍ አውጪዋ የስብሰባውን ቀን ሳቅ ከነወለዱ የመለሰችለት መሰላት፤ ደስታው እስከ ጣቶቿ ጫፍ ተሰማት።

ሥራ አስኪያጇ ነገሩ በቅቷታል። ከምሳ በኋላ የቀሩትን ሁለት ሞካሪዎች እንጨርስና ዛሬውኑ እፈርማለሁ ብላ ተነሳች። እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። ግንቡ የውሃ ብርጭቆውን አንስቶ ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፤ ቢያላትመው ንድፍ አውጪዋ ይበልጥ ደስ ይላት ነበር።

ምሳ ልትበላ ደረጃውን እየወረደች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ነው።

«የእማዬን ስልክ ምን አደረግሽው?» አላት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ።

እናታቸው አንዱን ዓይኗን የሞራ ግርዶሽ ሸፍኖታል፤ ሌላውም እየተከተለ ነው። የዓይን ሐኪም ቤቱ ተራዎ ሲደርስ በስልክ እንጠራዎታለን፣ ካላነሱ ግን ለሚቀጥለው ሰው ያልፋል ብሏት ወራት ጠብቃለች። ዛሬ ጧት እንደሚደውሉላት ተነግሯት ስለነበር ገና ሳይነጋ ታጥባ፣ ለብሳ፣ መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ሐኪም ቤቱ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ። መኪና ይዞ ሊወስዳት የነበረው ወንድሟም ደወለ። ስልኩ ጭኗ ላይ ሆኖ ትንፍሽ አላለም፤ የስልኩ ማያ ብርሃን ደግሞ ለሷ ዓይን ከቀኑ ብርሃን አይለይም። ወንድሟ ጋራዡን ጥሎ ሲመጣ እንደተቀመጠች አገኛት። ተራዋ አልፏል። ሌላ ተራ መቼ እንደሚገኝ ሐኪም ቤቱም አያውቅም።

ንድፍ አውጪዋ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ወንድሟ ሳይጨርስ ገብቷታል። ትናንት ከሥራ መልስ እናቷ ቤት ጎራ ብላ አዲሱን አደረጃጀት ስልኳ ላይ ጭናላት ነበር። ለልብስ ሰፊው የሰጠችውን ሥራ ለእናቷም ሰጠቻት፤ ሁሉንም ዝም አሰኚ፣ የኔን ጥሪ ብቻ አስቀሪ አለቻት። እናቷ አገኘችው። ንድፍ አውጪዋ ዓይኗ የደከመ እናቴ እንኳ አገኘችው ብላ ዛሬ ጧት ለሥራ አስኪያጇ ስትመጻደቅ አርፍዳለች። የቢሮው ስልክ ከያንዳንዱ ሞካሪ በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ይህንንም የምታስተምረው እሷ ናት። የእናቷን ስልክ ግን ወደነበረበት ሳትመልሰው፣ እናቷ እንደ ልጅነቷ የምትሰጣትን ከረሜላ ተቀብላ ወጥታ ሄደች። ከትናንት ጀምሮ እናቷ ቤት ከሷ በቀር የማንም ጥሪ አይሰማም ነበር፤ እሷ ደግሞ አልደወለችም።

«‹ድምፅ› ውስጥ ገባሁ» አለ ወንድሟ። «ሙሉ ነው ይላል። ሙሉ ሆኖ እንዴት ነው የማይጮኸው?»

«‹ዕረፍት› ውስጥ ነው ጋሼ።»

«ማን ነው ያረፈው?»

ሰው ስልኩን ዝም የሚያሰኘው ማረፍ ሲፈልግ ነው ብላ ያንን ስም ስታወጣ ብልህነቷ ራሷን አስደንቋት ነበር። ስልኬ ለምን አይጮህም ብሎ ግራ የገባው ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ ግን አንድም ቀን አላሰበችም። ወንድሟ ከሞተር ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ነው፤ የጠፋ ነገር ፈልጎ የማግኘት ችግር የለበትም።

እናቷ ስልኩን ከልጇ ተቀበለች።

«እማዬ፣ በጣም ይቅርታ» አለች ንድፍ አውጪዋ። «ግን ትናንት እኮ ራስሽ አግኝተሽው ነበር። በገባሽበት ብትመለሺ…»

«ምኑን አገኘሁት? ፊደሉ ለኔ ጉም ነው።»

«ታዲያ እንዴት ነካሽው?»

«አንቺ ነግረሽኝ ነዋ።»

«እኔ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።»

«ብዕርሽስ? ስሳሳት ጠቅ ጠቅ ታደርጊዋለሽ። ስደርስ ዝም። ዝም ስትዪ ተጫንኩት።» እናቷ ትንሽ አሰበችና፣ «ጨዋታው እንዲያ መስሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ልጅ ሆነሽም ዕቃ ደብቀሽ ፈልጊ ትዪኝና ልደርስበት ስል ትንፋሽሽን ትውጫለሽ።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር። ንድፍ አውጪዋ ያንን ልስላሴ ይዛ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«በይ፣ ያንቺን ነገር ከስልኬ ላይ አውጭልኝ። ወይም ተይው፣ ወንድምሽ አሮጌውን ይሰጠኛል። አንቺ ስትመጪ ብቻ የሚሠራ ስልክ ምን ያደርግልኛል?»

ዘጋችው። ንድፍ አውጪዋ መልሳ ልትደውል ቁጥሩን አወጣችና ተወችው። የእናቷ ስልክ እሷ ብትደውል ይጮህ ነበር።

ምሳውን ተወችው። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የጧቱን ሙከራ የቪዲዮ ቅጂ ከፈተች። የልብስ ሰፊውን መጀመሪያ ከነምስሉ አየችው፤ ምንም የለም። ፊቷ ጨዋ ነው፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ራሷ አልተነቃነቀም። ግንቡ ይህን ቅጂ መቶ ጊዜ ቢያየው አንድ ነገር አያገኝበትም። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ፊቷን ከማያው አዞረችና ወደ መስኮቱ እያየች ማዳመጥ ጀመረች። ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ። ከዚያ ዝምታ፤ ከዝምታው ቀጥሎ የልብስ ሰፊው ድምፅ። ከልብስ ሰፊው በፊት የገባውን የጥበቃ ሠራተኛም እንዲሁ ሰማችው። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋንም። የሰውን ጣት ሳታይ የት እንዳለ በጆሮዋ ብቻ መናገር ትችል ነበር። ከነሱ አንዳቸውም ብዕሩን እየሰማሁ ነው ብለው አላሰቡም ይሆናል፤ እሷም እየነገርኳቸው ነው ብላ አላሰበችም። ሆኖም ስትነግራቸው አርፍዳለች።

የባለፈውን ሳምንት ቅጂ መክፈት አልፈለገችም። ከፈተችው ግን፤ የግንቡ ጥያቄና የራሷ መልስ ጆሮዋ ውስጥ ነበሩ። ያኔ ምነው ጠፉብዎ? አንድ ጡረተኛ የግንቡን ረጅም ዝርዝር እየገፋ ይወርዳል። ብዕሩ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጡረተኛው ‹ጥሪን መለየት› የሚለው መስመር ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው ቦታ ነው። ጣቱ እዚያ ቆመ፣ ጠበቀ። ብዕሩ አላቆመም። ያው ጠቅ ጠቅ፣ እንዲያውም ፈጠን ያለ መሰላት። ጡረተኛው ጣቱን አንስቶ ቁልቁል ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ንድፍ አውጪዋ ማዳመጫውን አወለቀች። ሆን ብላ አላደረገችውም። ይህ ግን አላጽናናትም፤ ሆን ብላ ያደረገችው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በፈለገች ጊዜ ታቆመው ነበር። ሰውዬውን የምትጠላውን ያህል ጣቷም ጠልቶላታል።

ከሁሉ የባሰው፣ ትክክል የነበረው እሱ መሆኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ታዝን ነበር፤ እሱ ስለሆነ ቆሽቷ አረረ። ቁጭ ብላ ሌላውን መንገድ አሰበች፤ በደንብ አሰበችው። ብዕሩን ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ የቀሩትን ሁለት ሰዎች በንጹሕ ትፈትናቸዋለች። ሁለቱም ቢወድቁ እንኳ ያገኙት ይበልጣሉ። ሥራ አስኪያጇ ትፈርማለች። ‹ዕረፍት›ን ወደ ‹ድምፅ› በኋላ ቀስ ብላ ታዛውረዋለች፤ ኃላፊ ከሆነች ማን ይጠይቃታል? የኃላፊ ደመወዝ ደግሞ እናቷን ተራ የማይጠበቅበት የግል ሐኪም ቤት ያስገባል። ከዛሬው ጥፋት በኋላ ይህን ማድረግ ግዴታዋ መስሎ ታያት። ሐሳቡ እጅ እግር ያለው፣ ደህና ሐሳብ ነበር። ካለሷ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ግንቡ የሚጠረጥር እንጂ የሚያውቅ አይደለም።

ከዚያ እናቷ ጨዋታው እንዲያ መስሎኝ ነበር ያለችው ትዝ አላትና ሐሳቡ ሁሉ ጣዕሙ ጠፋ።

ከምሳ በኋላ አንዲት የዳቦ ቤት ባለቤትና አንድ የታክሲ ሹፌር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሥራ አስኪያጇ የሚፈረመውን ወረቀት ይዛ፣ ግንቡም ባዶ እጁን፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ቦታቸውን ይዘዋል። ንድፍ አውጪዋ በሩ ላይ ቆመች።

«ይግቡና በኔ ቦታ ይቀመጡ» አለችው ለግንቡ።

ግንቡ አልተንቀሳቀሰም።

«ወጥመዱ ምንድን ነው?»

«ወጥመድ የለም። ብዕሬን ነው የተከተሉት። ሲሳሳቱ ጠቅ ጠቅ አደርገዋለሁ፣ ሲደርሱ አቆማለሁ። ሳላውቀው ነው። ቅጂውን ማያውን ሳያዩ ይስሙት፣ ይሰማዎታል።»

«አልኩሽ።»

«ብለውኛል፤ ደስ ይበልዎት። አሁን ይግቡ፣ ሴትየዋ ዳቦዋን ምድጃ ውስጥ ትታ ነው የመጣችው።»

ሥራ አስኪያጇ ነገሩ ግራ ገባት። ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ፣ የገዛ ባላጋራሽን ታስቀምጫለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«የሱ ፊት ላይ ምንም አይነበብም» አለች ንድፍ አውጪዋ። «ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ ቤት የለም።»

ስድብ ይሁን ምስጋና ግንቡ የለየው አይመስልም፤ እሷም ብትጠየቅ አትለየውም። ተነስቶ ኮቱን ቆለፈና ገባ። በመስተዋቱ ውስጥ ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ አየችው። የዳቦ ቤቷን ባለቤት የሚፈተነው ስልኩ እንጂ እርስዎ አይደሉም አላት፤ ባቡር ጣቢያ ላይ የመነሻ ሰዓት እንደሚነገረው አድርጎ። ሥራውን ነገራት። ከዚያ እጆቹን አጣጥፎ ተቀመጠና እንደ ስሙ ሆነ።

ሴትየዋ ‹ድምፅ›ን ነካች። ሙሉ ነው ይላል። ዝቅ አደረገችው፣ የልጄም ጥሪ አይሰማም ብላ መለሰችው። ወጣች። ‹የኔ ሰዎች› ውስጥ ገብታ የልጇን ስም ፈልጋ፣ ያለበትን አይታ፣ ምን እንደምታደርግበት ሳታውቅ ወጣች። ‹ዕረፍት›ን በጣቷ አለፈችው፤ ተመልሳ አለፈችው። ከመስተዋቱ ጀርባ የንድፍ አውጪዋ አውራ ጣት የሌለ ብዕር ይጫናል። ሲታወቃት ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠችው። ሴትየዋ ቀና ብላ የግንቡን ፊት አየች፤ ጧት የመጡት ሁሉ እንዲሁ ጎናቸው ያለውን ሰው አየት ያደርጉ እንደነበር ንድፍ አውጪዋ አሁን ነው የታያት። ግንቡ ፊት ላይ ግን ምንም አልነበረም።

«እኔ እንጃ ወንድሜ» አለች ሴትየዋ በመጨረሻ። «ድምፁ ጋ ከሌለ ሌላ የት ይሆናል? እኔ ይኸው ነው የማውቀው።»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች ነበር። አንዲት ሴት ብትወድቅ ምን አለበት፣ የጧቶቹ አልፈዋል፣ እኔ ይህን ነገር ዛሬ መዝጋት እፈልጋለሁ አለች። ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም ካልሽ አልፈሻል» አለቻት።

ግንቡ ሴትየዋን አመስግኖ ካርዷን ሰጥቶ ወጣ። ጠባቧ ክፍል በር ላይ ቆመ።

«ጠፋባት» አለ።

«አየሁ።»

የሚሄድ መስሎ ነበር፤ አልሄደም። የበሩን እጀታ እያየ ቆየ።

«የኔም እንዲህ ነው የጠፋባቸው?»

ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ነበረ። ንድፍ አውጪዋ አብራው በሠራችበት ዘመን ሁሉ ሰምታው አታውቅም። ሰውዬው ያንን ዝርዝር ሲጨምርበት ዕድሜውን ጨርሷል፤ ባለፈው ሳምንት ሰዎች ሲጠፉበት ከዚህ መስተዋት ጀርባ ተቀምጦ አይቷል፤ ማታ ቤቱ ሄዶ ምን እንዳሰበ ማንም አልጠየቀውም። አዎ ብትለው ያምናታል። ከዛሬ በኋላ ደግሞም አይጠይቃትም። ሥራ አስኪያጇ እሷን እያየች ነበር።

«አይደለም» አለችው። «ጡረተኛው አግኝቶት ነበር። ጣቱ እላዩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ብዕሬን አላቆምኩለትም።»

ግንቡ ፊቱ ቀላ። ጉንጩ፣ አንገቱ፣ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ሥራ አስኪያጇ ሳታውቀው ወንበሯን ወደኋላ ገፋች።

«አሁን ይቅር የምልሽ መስሎሽ ከሆነ…»

«አልመሰለኝም። እኔም አልጠየቅኩዎትም። ጓዳዎ ጓዳ ነው፤ ሰው ዛሬም ይጠፋበታል ብዬ ነው የማምነው። ግን በራሱ ይውደቅ።»

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረች። የጧቶቹን አትቁጠሪያቸው፣ የባለፈው ሳምንቶቹንም፤ ሁለቱም በአዲስ ሰዎች ከመጀመሪያው ይፈተኑ አለቻት። የሷ ሲፈተን ግንቡ ይቀመጥ፣ የሱ ሲፈተን ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ይፈለግ። ሥራ አስኪያጇ ሁለቱንም ተራ በተራ አይታ፣ ሁለቱም የሰለቿት መሆኑን ሳትደብቅ፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ግንቡ ኮቱን እንደቆለፈ ወደ ሙከራው ክፍል ተመልሶ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ንድፍ አውጪዋ ጠባቧ ክፍል ውስጥ መቆየት አልፈለገችም። ሹፌሩን ልትጠራ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ሹፌሩ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ነበር፤ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«እህቴ፣ ከባድ ነው እንዴ?» አላት። «እኔ የስልክ ነገር ብዙም አይሆንልኝ። የት የት እንደሚነካ ትንሽ ፍንጭ ብትሰጪኝ።»

ፊቷን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ንድፍ አውጪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችበት።

«ውስጥ ያለው ሰውዬ ይነግርዎታል» አለችው። ሹፌሩ ሲገባ እሱ በተወው ወንበር ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ሁለቱንም እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።